ከወተቱ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ

ባሌን የሰፈሩ ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «አትክፈቱ» ነው የሚሉት። «አትክፈቱ ቤት አለ?» ይሉኛል፤ እኔም ለምጄው «አለ፣ ግቡ» እላለሁ። ዕድሜውን የፈጀው አንድ ፎቶ ቤት ጓዳ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥብ ነው። ፊልም ሲታጠብ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከገባች የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ልጅ ልደት ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ በሩ አጠገብ ኮቴ በሰማ ቁጥር «አትክፈቱ!» ብሎ ይጮኻል። ያ ድምፅ መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር። የሰፈር ልጆች ሆን ብለው በሩን ቆርቁረው ይሮጣሉ፤ እሱን ለማስጮህ።

እቤት ሲመጣ ግን ያ ድምፅ የት እንደሚገባ እንጃ! «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ለእሱ ብለው ነው የተረቱት። ሳገባው «ጭምት ሰው አገኘሁ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እናቴም «ተመስገን፣ አይጮኽብሽም» አለችኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚውል ሰው ማውራት ይረሳል። ጥፍሩ ቡናማ ነው፤ እጁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ትራሳችን ሳይቀር ይሸት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ባልዲህን?» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል፤ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው።

ፎቶ ቤቱ የሚያጥበው የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ ብቻ አልነበረም። ያን ጊዜ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን የሚቀርጹባት፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበረች። ስትቀርጽ «ጥርርር» ትላለች። ፊልሟ ከጣት የቀጠነች ረጅም ጥብጣብ ናት፤ ታጥባ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ስትታይ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። እሷን የሚያጥብ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ያረጀች ካሜራ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር አምጥቶ «በል ልጅህን ቅረጽባት» ብሎ ሰጠው።

የበኩር ልጃችንን «ልቅደም» ነበር የምንለው። አፉን የፈታው «እማ» ብሎ ሳይሆን «እኔ ልቅደም» ብሎ ነው እያልን እንስቅ ነበር። እጅ ለመታጠብ እሱ ይቅደም፣ ከቤት ለመውጣት እሱ ይቅደም፣ አልጋ ላይ ለመዝለል እሱ ይቅደም። ክትባት ሊከተቡ ልጆች ተሰልፈው ሲያለቅሱ «እኔ ልቅደም!» ብሎ ክንዱን ሰጠ፤ ከተወጋ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረው። ነርሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስድስት ዓመቱን ሳይደፍን ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ «ያልፋል» አለን፤ አላለፈም። ቀደመን። ያንን ስም ለምን አወጣሁለት እያልኩ ስንት ዘመን አፌን ረግሜዋለሁ።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባል የለ? የስንቱን ልጅ ፎቶ ያወጣ ሰው፣ ለራሱ ልጅ ያለው አንድ ፎቶ ነው። «ነገ አነሳዋለሁ፣ የት ይሄድብኛል» ይል ነበር። ያውም ፎቶ፣ ልቅደም ሊያነሱት ሲሉ ዘወር ብሎ፣ ፊቱ ተንቀሳቅሶ ጭስ መስሏል። ሸሚዙ ይታያል፤ ቁልፎቹ እንኳን ይቆጠራሉ። ፊቱ የለም።

ሌላው ያቺ ጥቅል ፊልም ናት። ከመታመሙ በፊት አንድ የዕረፍት ቀን፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ባሌ ካሜራዋን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ረስቼዋለሁ፣ ጊዜ በላው። ልጁን ከቀበርን በኋላ ፊልሟን ከካሜራዋ አውጥቶ በቆርቆሮ አሸጋት፤ ዙሪያዋን በጥቁር ፕላስተር ጠመጠማትና ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ አስቀመጣት። «ቅዝቃዜ ፊልም ያቆያል» አለኝ። «መቼ ታጥባታለህ?» አልኩት። «ይደርሳል» አለኝ። ይደርሳል፣ ይደርሳል ስንባባል ፀጉራችን ነጣ። ፍሪጁ ሲበላሽ ቆርቆሮዋ ወደ አዲሱ ፍሪጅ ተሻገረች፤ አዲሱም አረጀ።

ሴቷ ልጃችን የተወለደችው ከእሱ በኋላ ነው፤ ወንድሟን አታውቀውም። ትንሽ ሆና ወተት ልታወጣ ስትል «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። የዛን ቀን ሆድ ብሶኝ ነበር መሰለኝ፣ «ወንድምሽ ነው» አልኳት። ወር ሙሉ ፍሪጁን አልነካም ብላ አስቸገረችን። አባቷ ይህን ሲሰማ እንኳን ምንም አላለኝም። ኤዲያ! ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱም ጊዜው አለፈበት። ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ሺህ ፎቶ ይዞ መዞር ሲጀምር ፊልም የሚያሳጥብ ጠፋ፤ ቤቱ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆነ። ባሌ ባልዲዎቹን፣ ማጠቢያ ጣሳዎቹንና ፕሮጀክተሩን በጋሪ ጭኖ መጣና መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ከተተ። «እዚህ ቤት እኔ ነኝ ወይስ ቆሻሻህ ነው የሚኖረው?» ብዬ ጮኽኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይኑንም ሞራ ጋረደው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ድምፅ ያዳምጣል፤ የሰፈር ልጆች የሚቆረቁሩት በር የለም።

እንዲህ ስንኖር፣ አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ልቅደም ሲስቅ እንዴት ነበር ብዬ ላስብ አልኩ። ሁልጊዜ የማደርገው ነገር ነው፤ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ይመጣልኛል። አልመጣም። እንደገና ጨፈንኩ። ሸሚዙ መጣ፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ መጣ፤ ፊቱ ቦታ ላይ ግን ያ የፎቶው ጭስ ነው ያለው። ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ምን ዓይነት እናት ናት የልጇ ፊት የሚጠፋባት? አፈር ልብላ ብዬ ኩሽናው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትዝታ እንደ ገንቦ ውሃ እያለቀ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ለእኔ ከዚህ በኋላ የቀረኝ ያቺ ቆርቆሮ ብቻ ናት።

ባሌ እንቅልፍ ላይ እያለ ቆርቆሮዋን በፎጣ ጠቅልዬ ከተማ ወጣሁ። ፎቶ ቤት የሚል ጽሑፍ ያየሁበት ሁሉ ገባሁ። የፎቶ ቤት ነገር ቀርቷል ለካ፤ ኩባያና ቲሸርት ላይ ፊት ማተሚያ ሆኗል። አንዱ ጋ ፀጉሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመ ልጅ እግር ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ይቺን ፊልም ላሳጥብ።»

አገላብጦ አያት። «ይቺ ደሞ ምንድን ናት? ቅባት መሰለችኝ» አለና ጥፍሩን ፕላስተሩ ሥር ከተተው። «ልክፈታት?»

«እጅህን አንሳ!» ብዬ ነጠቅኩት። ደንግጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ሽጉጥ ያወጣሁበት ነው የሚመስለው። ከጓዳ ጠና ያለ ሰው ወጣ፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ቆርቆሮዋን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ የታጠበ ቢሆን ወደ ኮምፒውተር እናስገባልዎት ነበር። ይሄ ያልታጠበ ነው። የዚህ የቀለም ፊልም ኬሚካል መሠራት ካቆመ ቆየ፤ ማንም ጋ የለም። በጥቁርና ነጭ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ በፖስታ ሩቅ ነው የሚላከው፤ መድረሱንም እንጃ። እዚህ አገር በእጁ ያጥብ የነበረ አንድ ሰውዬ ነበር፤ አትክፈቱ የሚሉት። በሕይወት ካለ...»

«አለ» አልኩት። «ባሌ ነው።»

ሰውየው አፉን ያዘ። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔም ባይነደኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

እቤት ስገባ ባሌ የፍሪጁን በር ከፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ወተቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ድስቱ ሁሉ ወጥቶ ዙሪያውን ተኮልኩሏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወዴት ወሰድሻት?»

«ፎቶ ቤት።»

«ከፈቷት?»

«ሊከፍቷት ነበር። ነጥቄ መጣሁ።»

ተቀበለኝና በአውራ ጣቱ ፕላስተሩን ዙሪያውን ዳሰሰ። እኔ ደግሞ የስንት ዘመን ነገር ሆዴ ውስጥ ሲንተከተክ ቆይቶ ገነፈለ። «እስከ መቼ ነው? ስንሞት ለማን ልታወርሳት ነው? ለሰው ሁሉ ስታጥብ ኖረህ ለእኔ ሲሆን እጅህን ምን ያዘው?» አልኩት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትታጠበው» አለ። ድምፁ አይሰማም። «ካበላሸኋት ሁለተኛ ቀበርኩት ማለት ነው። እስካልነካኋት ድረስ ግን እዚያ ውስጥ አለ።»

«እኔ ጋ ግን የለም! ፊቱ ጠፋብኝ። ሰማህ? የልጄ ፊት ጠፋብኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሞራ የጋረደው ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እኔንም» አለኝ።

ትዳራችን ውስጥ ብዙ ቃል ሰምቼው አላውቅም፤ ያቺ አንዲት ቃል ግን አንጀቴን በጠሰችው። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሪጁ ተከፍቶ እያጉረመረመ ወተቱ ሞቀ። በመጨረሻ ተነሣና «በቃ እናጥባታለን» አለ።

ዕቃ ቤቷን ሴቷ ልጄና እኔ አጸዳን። በሩን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍን። ኬሚካሉን ከመድኃኒት መደብርም ከዱሮ ጓደኞቹም ለቃቅሞ ራሱ በጠበጠው፤ ዕቃ ቤቷ እንደ ድሮ ትራሳችን ሸተተች። ቀለሙ እንደማይገኝ ነገረን። «ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሁሉም ቀርቷል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ይወጣ ይሆናል» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ፊልም ግን ይለቃል ለካ። ሸሚዙ ሰማያዊ እንደነበር እኔ አውቃለሁ አልኩና ተጽናናሁ።

ከዚያ ነው የመቁረጡ ነገር የመጣው።

«መጀመሪያ ክንድ የምታህል መቁረጥ አለብኝ» አለ። «እንዲህ ያረጀ ፊልም ውሃው ውስጥ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት ማንም አያውቅም። ቁራጯን አጥበን እናያለን፤ ከጠቆረች ለቀሪዋ ጊዜውን እንቀንሳለን፤ ከነጣች እንጨምራለን። ሳይቆርጡ ሁሉንም መክተት ቁማር ነው።»

«ምኑን ነው የምትቆርጠው? ልጄን?»

«አንቺ ሴት፣ ካልቆረጥኩ ሁሉም ሊጠፋ ይችላል።» ላቡን ጠረገ። «ፊልም ሲቀረጽ እየተጠቀለለ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የተቀረጸው ከውስጥ ይሆናል፤ መጨረሻ የተቀረጸው ከላይ። ከላይ ልቁረጥ ወይስ ከውስጥ?»

«ያን ቀን ምን እንደቀረጽክ አታውቅም እንዴ?»

«ፀሐዩን አስታውሳለሁ። ያሰጣሽውን አንሶላ አስታውሳለሁ። ማን የቱ ጋ እንደቆመ ግን ጠፍቶኛል።»

እኔ ማሰብ እንኳን አላስፈለገኝም። «ልቅደም እኮ ነው!» አልኩት። «መቼ ነው እሱ ኋላ ቀርቶ የሚያውቀው? ካሜራዋ ጥር ከማለቷ ፊቷ ሄዶ ተገትሯል። ከውስጥ እንዳትነካ፤ ከላይ ቁረጥ።»

«እውነትሽን ነው» አለ። ልጄም በሩ ጋ ቆማ ሳቀች። ስሙን ጠርተን ስንስቅ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያችን ነበር።

ከተጋባን ጀምሮ ባሌ ሥራው ላይ እያለ በሩን አልፌ አላውቅም። ያን ቀን ገባሁ፤ ልጄ ከውጭ ሆና በሩን ትጠብቃለች። ጠራራ ቀን ነው፤ ውጭ ፀሐይ አለ፤ ውስጡ ግን ዓይን ቢከፍቱት ቢጨፍኑት አንድ ነው። ፕላስተሩ ሲላጥ ሰማሁ። ቆርቆሮዋ ተከፈተች። እጁ በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥብጣቧ ጣቶቹ መሀል ስትንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«መቀሱን አንቺ ያዢ» አለኝ። «እኔ እወጥርልሻለሁ።» እጄን በጨለማ ፈልጎ አገኘና ጣቴን የሚቆረጠው ቦታ ላይ አደረገልኝ። ቆረጥኩ። «ቀጭ» አለ።

ልክ በዚያን ጊዜ የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ። ልጄ ዝም ስንልባት ጨንቋት ኖሯል። «እማዬ፣ ደህና ናችሁ?»

«አትክፈቱ!»

ያ ድምፅ! ድሮ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማው ድምፅ አልሞተም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን «ወይ ጉድ፣ አትክፈቱ ሥራ ገባ እንዴ?» ስትል ሰማናት። በጨለማ ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነካሁት፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም።

ቁራጯ ታጥባ ስትወጣ ከሰል ሆናለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር፤ ምንም የላትም። ባሌ ግን ቅር አላለውም። «አየሽ? ሁሉንም ከትተን ቢሆን ሁሉም እንዲህ ይሆን ነበር» አለኝና ውሃውን አቀዘቀዘ፣ ጊዜውን አሳጠረ። ቁራጯን ሚስማር ላይ ሰቀላት። ሁለተኛ ገባን። ቀሪዋ ስትወጣ ከጀርባዋ ያለው ጥቁር ቅባት በስፖንጅ እየተጠረገ ባልዲው እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ልጄ ጥብጣቧን ወደ መስኮቱ አነሳቻትና «አባዬ፣ ሰው አለ! ሰው አለ እኮ!» ብላ ጮኸች። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በልብስ ማስጫው ገመድ፣ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅለን አደረቅናት፤ ከቦታዬ አልተነሣሁም፣ ዝንብ እንዳታርፍባት ስጠብቅ ዋልኩ።

ስትደርቅ የሳሎኑን መጋረጃ ዘግተን ፕሮጀክተሩን አበራን። ባሌ አስቀድሞ ነገረን፤ የወጣችው ኔጋቲቭ ናት፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። «ምንም ይሁን፣ ልጄን አውቀዋለሁ» አልኩት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ መሬት መጣ፤ ከዚያ የማን እንደሆነ ያላወቅነው ጫማ፤ ከዚያ ሰማዩ ተንገዋለለ። አንድ ቀሚስ መጣ። ወደ ላይ ሄደና ፊት ሆነ። እኔ ነኝ። ፊቴ ጥቁር፣ ፀጉሬ የዛሬውን ያህል ነጭ፤ ግን ወጣት ነኝ። ጎንበስ ብዬ እየሳቅኩ የሆነ ነገር እላለሁ። ፊቴ ግድግዳውን ሞላው። እንደዚያ ስቄ የማውቅ አይመስለኝም ነበር።

«ማን ነው የሚቀርጸው?» አለች ልጄ። «ሁሉም ነገር ከታች ነው የሚታየው።»

እሷ ይህን ስትል መጣልኝ። ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ባሌ ካሜራዋን ይዞ ሲወጣ፣ ልቅደም ሮጦ እጁ ላይ ተንጠለጠለና «እኔ ልቅደም! እኔ ልቅደም!» አለ። አባቱም «እሺ፣ ቅደም፤ ከዚያ ግን ተራዬ ነው» ብሎ ሰጠው። የቀደመው ለመቅረጽ ነበር።

ግድግዳው ላይ ባሌ መጣ፤ ቀጥ ያለ፣ ጎልማሳ፤ እጁን ዘርግቶ «አምጣ» ይላል። ልጁ አይሰጥም፤ ይሸሻል፤ ግቢው ይናጣል። ከዚያ አንሶላው ጋ ቆመ። አንሶላው ግድግዳችን ላይ ጥቁር ሆኖ ተዘርግቷል፤ መሀሉ ላይ የልጄ ጥላ አለ። ነጭ። የሚያበራ ትንሽ ልጅ። ክርኑን አንስቶ ካሜራዋን ዓይኑ ላይ አድርጓል፤ ሁለት ጆሮዎቹ ጎልተው ወጥተዋል። ጥላውን አይቶት ነው የቆመው። አንድ እጁን አነሳና አወዛወዘ፤ ነጩም ልጅ ለእኛ እጁን አወዛወዘ።

«እኔን!» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ የአባቱ ትልቅ እጅ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነ። ካሜራዋ ከእጁ ተወሰደች፤ ሰማዩ ዞረ፣ አጥሩ ዞረ፤ የሸሚዝ ኮሌታ ታየ፤ አንድ ጆሮ ታየ። ፊቱን ሊያዞር ነው። እንደ መብረቅ ነጭ ሆነና አለቀ። የጥብጣቧ ጫፍ ፕሮጀክተሩ ላይ ጠፍ ጠፍ ትላለች፤ የሚያጠፋት ሰው ጠፋ።

ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የአባቱ ተራ የደረሰው በመጨረሻ ነው። የልጄ ፊት ያለው ከላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ከላይ ቁረጥ ያልኩህ» አልኩ።

«ለክቼ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አለ።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። «በዚህ እጄ!»

«ልውሰደው በሞቴ፤ ለእኔ ተይው» አለ። ሰው ጥፋቱን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ሲል ነው የሚታወቀው፤ እኛ ግን እኔ ልያዘው፣ እኔ ልያዘው እያልን ተጣላን። ከዚያ ሁለታችንም አልቻልንም። ልጁን በቀበርን ቀን እንኳን አብረን አላለቀስንም ነበር፤ እሱ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ዘግቶ ነበር ያለቀሰው። ያን ቀን ግን ልጃችን መሀላችን ገብታ ሁለታችንንም እስክትይዘን ድረስ አለቀስን።

ቁራጯን ግቢ አውጥተን በፀሐይ አየናት። ባሌ በአጉሊ መነጽር አያት፤ ልጄ አየቻት፤ እኔም አየኋት። ጥቁር ናት።

በማግሥቱ ልጄ ልታጽናናኝ ብላ ፊልሙን ከግድግዳው ላይ በስልኳ ቀድታ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጋ ገለበጠችው። «እማዬ፣ ተስተካከለ እኮ፣ እዪው» አለችኝ። አየሁት። ፊቴ ፊት ሆኗል፤ ፀጉሬ ጠቁሯል፤ አንሶላው ነጭ ነው። ልቅደም ግን አንሶላው ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኗል፤ ማንም ልጅ የሚጥለው ዓይነት ጥላ።

«መልሺው» አልኳት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ነው ትክክለኛው።»

«ይሁን፤ መልሺው።»

መለሰችው። አሁን ሆዴ ሲባባ የማየው ነጩን ነው። ፊቱን አላገኘሁትም፤ ከእንግዲህም አላገኘውም፤ ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ባሌ ጥቁሯን ቁራጭ ጠቅልሎ ቆርቆሮዋ ውስጥ መለሳት፤ ዙሪያዋን ፕላስተር ጠመጠመላት፤ ከወተቱ ጀርባ አስቀመጣት። ድሮ ቢሆን እጮኽበት ነበር። አሁን ወተቱን ጠጋ አደረግኩላት። ባለፈው ልጄ ፍሪጁን ስትወለውል ቆርቆሮዋን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻት፤ ፕላስተሯ ላልቶ ስለነበር ጫፉን ያዝ አደረገችው። ቁራጯ ታጥባ ያለቀች ነገር ናት፤ ብርሃን ከእንግዲህ ምንም እንደማያደርጋት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አትክፈቱ!» አልኩ።

ድምፄ ለራሴ አስደነገጠኝ። ባሌ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሰምቷል።